ጳጉሜን ሠላሳ ቀን ያደረግኩበት ክረምት

በ1997 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ነሐሴ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው። ዕለቱ ዓርብ፣ ወርኃዊው መድኃኔዓለም ነበር። ከኪዳን ተመልሼ የሱቄን በር እንደከፈትኩ፣ ነጠላዬን ሳላጣፋ ስልኩ ጮኸ። ከኮምቦልቻ ዘይነባ ነበረች።

«እትዬ፣ ጳጉሜ ስንት ቀን ናት?» አለችኝ። ሰላምታ የለም፣ እንዴት አደሩ የለም።

«አምስት ናት። በየአራት ዓመቱ ስድስት።»

«የእኛ ፋብሪካ ሠላሳ ሆናለች።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ያለች፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ሁለት ወንበር የምትይዝ ክፍል ነች። ሦስተኛ ሰው ከመጣ እኔ እነሣለሁ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያች ክፍል ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከማመልከቻው ጎን ጽሕፈት አስተምራለሁ። ዘይነባ ተማሪዬ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ ከዲጃ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ነች። ልጅቱ ሳታይ ትጽፋለች፤ ቁልፎቹን በጨርቅ ሸፍኜ ፈትኛታለሁ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ጸሐፊ ሲፈልግ «ወስዳችሁ እዩዋት» ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ለሙከራ ተቀጠረች። ሦስቱ ወር የሚያልቀው ደግሞ በዚሁ ሳምንት ነው። ከቤቱ ሥራ የያዘች እሷ ብቻ ነች።

«ማን አየው?» አልኳት።

«ሁሉም አይተውታል። የአዲሱን ዓመት የፈረቃ ሠሌዳ ትናንት አትሜ ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያው ላይ ለጠፍኩት። የሌሊት ፈረቃው ሲወጣ የጠዋቱ ሲገባ፣ በር ላይ ተሰብስበው እየሳቁ ነው። አንዱ «ለሠላሳዋ ጳጉሜ ደሞዝ አላት ወይ?» ይላል። አለቃዬ አቶ ጌታሁን ቀዶ አወረደው። እስከ አሥር ሰዓት ትክክለኛው ካልተለጠፈ ሰኞ አትምጪ ብሎኛል።»

«አብሽሪ» አልኳት። እሷ ለእኔ የምትለውን ቃል ነው የመለስኩላት። «መጣሁ።»

የተበላሸው ለሥራዋ የሰጠኋት ዲስኬት እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ የምትሠራ ታላቋ ልጄ ከኢንተርኔት አንድ ጥቅል ፕሮግራም አግኝታ በሲዲ ላከችልኝ። ከጥቅሉ ሦስት መሣሪያ ይወጣል። አንዱ የአማርኛ መጻፊያ ነው። ሁለተኛው አጽዋማትንና በዓላትን ያወጣል፤ ዓመተ ምሕረቱን ስትሰጡት ፋሲካን ከነነዌ ጾም ጋር ይነግራችኋል። ሦስተኛው የእስልምናን ወራት ይቆጥራል። ሦስቱንም የሠራቸው አንድ ሰው ነው። ሦስቱም የሚያነቡት አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ የፊደሉ መልክ፣ የወራቱ ስም፣ እያንዳንዱ ወር ስንት ቀን እንዳለው የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። መሣሪያዎቹ በራሳቸው ምንም አያውቁም፤ እየሄዱ ሠንጠረዡን ይጠይቃሉ።

ሰውየውን አላውቀውም። ዋጋ አልጠየቀም። «ማንም ይውሰደው፣ ማንም ያካፍለው፤ ሲያካፍል ግን ሁሉንም ከአንድ ጥቅል ያውጣ» ብሎ ከስሙ በታች ጽፏል። የክርስትና ስሙን፣ ክርስቲያን ይሁን አይሁንም ስለማላውቅ፣ በጸሎቴ «ያ የሠንጠረዡ ሰው» እለዋለሁ። እንዲህ የምጸልይለት ሰው የጻፈውን ግን በደንብ አላነበብኩለትም።

ያኔ አብዛኛው የደሴ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲዲ አያነብም ነበር። የሚያነበው ዲስኬት ነው፤ ያቺ ካሬ፣ ብዙ የማትይዝ። ሙሉው ጥቅል በአንዷ አይገባም። ስለዚህ ለሰው ለመስጠት መክፈል ነበረብኝ። እንዴት እንደከፈልኩት ነው ጉዱ።

ወሎ ውስጥ ሠርግ የደገሰ ሰው ይህን ያውቀዋል። ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ ከብቱን ለብቻ ያቀርባል፤ ራሳቸው ያርዳሉ፣ ራሳቸው ይሠራሉ። ድስቱ ሌላ፣ ጭልፋው ሌላ፣ ቢላዋው ሌላ። ሙስሊሙም ሲደግስ ለእኛ እንዲሁ ያደርጋል። ልጄን ስድር የሙስሊሙን ወገን ያሰናዳችልኝ የዘይነባ እናት ነች። ያን ሁሉ ሰው አብልተን አንድ ጭልፋ አልተሳሳተም። በሕይወቴ ያለ ስሕተት ያከናወንኩት ትልቅ ሥራ እሱ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙንም በሠርግ ደንብ ከፈልኩት።

ለክርስቲያን ደንበኞቼ ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት ዲስኬት፤ መጻፊያውና በዓላቱ፣ ከነሠንጠረዡ። ለሙስሊም ደንበኞቼ አረንጓዴ፤ መጻፊያውና የእስልምናው ወራት፣ ከነራሱ ሠንጠረዥ። ማንም የሌላውን እንዳይነካ። ሁለት የተለያየ ሣጥን ገዛሁላቸው። በሁለት የተለያየ እስክሪፕቶ ጻፍኩባቸው። ከቀዩ ወደ አረንጓዴው ስሻገር የኮምፒውተሩን ዲስኬት ማስገቢያ በጨርቅ እወለውል ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እናንተም ለሰው አትንገሩብኝ።

በዚህ ላይ ቀዩን የጠቀለልኩት በታኅሣሥ ነው፣ ልጄ መጀመሪያ ከላከችው ሲዲ። የእስልምናው መሣሪያ ያኔ ገና አልተሠራም ነበር። ሰውየው በኋላ ሠርቶ ጨመረውና ሁለተኛው ሲዲ በሰኔ መጣ፤ አረንጓዴውን ከዚያ ጠቀለልኩ። ሰውየው የእስልምናን ወራት ሲያስገባ ሠንጠረዡን እንደገና አደራጅቶታል፤ ጳጉሜን ከታች አንሥቶ ከላይ አድርጓታል። መሣሪያዎቹንም አብሮ አስተካክሏቸዋል። እኔ ግን በሣጥኔ ውስጥ አሮጌ መሣሪያ ከአሮጌ ሠንጠረዥ፣ አዲስ መሣሪያ ከአዲስ ሠንጠረዥ ይዤ፣ ሁለቱን ሠንጠረዥ በአንድ ስም እያደልኩ ነበር።

ዲስኬቴን የወሰዱት አሥራ አራት ሰዎች ናቸው። አሥራ ሦስቱ ወይ ቀዩን ወይ አረንጓዴውን ወሰዱ፤ ለእነሱ ሁሉም ደህና ሠራ። ሁለቱንም የወሰደችው ዘይነባ ብቻ ነች። ፋብሪካው ውስጥ ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ ነው የሚሠራው። የዓመቱ የፈረቃ ሠሌዳ ሲወጣ መስቀልም፣ ጥምቀትም፣ ረመዳንም መታየት አለበት፤ ያን ዓመት ረመዳን ገና በመስከረም መጨረሻ ይገባ ስለነበር የማፍጠሪያውን ሰዓት አይተው ፈረቃ የሚለዋወጡ ሠራተኞች በጉጉት ይጠብቁ ነበር።

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሠንጠረዥ በአንድ ስም አይኖርም። ኋላ የገባው የፊተኛውን ያጠፋል። ዘይነባ ቀዩን ቀድማ ጭና በዓላቱን አይታ ነበር፤ ልክ ነበሩ። ከዚያ አረንጓዴውን ጨመረችና አምናኝ ሳታይ አተመችው። የቀዩ መሣሪያ የመስከረምን ቀናት ሊጠይቅ ከላይ ወዳለው ሲሄድ ጳጉሜን አገኛት። መስከረም አምስት ቀን ሆነች። እያንዳንዱ አንድ አንድ ሲወርድ የመጨረሻዋ ጳጉሜ ሠላሳ ደረሳት። መስከረም በአምስት ካለቀች መስቀል የሚውልበት ቀን የለም፤ ሠሌዳው ላይም አልነበረም።

ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የሰውየውን ሁለተኛ ጥቅል ለማንኛውም ብዬ በሦስት ዲስኬት ቀድቼ በቦርሳዬ ይዣለሁ። ያለሁበትን ኃጢአት እያሰብኩ ሳለ ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። ጭናቸው ላይ አንድ የድምፅ ማጉያ፣ እግራቸው ሥር ሌላ።

«እናቴ፣ አንዷን ቢይዙልኝ?» አሉኝ። «ደጋን ከተማ አጠገብ ላለው ደብራችን ነው። ምእመኑ አዋጥቶ የገዛው።»

የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ነው፤ እንዴት እምቢ ይባላል። በዚያ ጠዋት በረከት በጣም ያስፈልገኝ ነበር። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግኩ፣ ማጉያውን ከቦርሳዬ በላይ፣ እጄን ከማጉያው በላይ። ጠመዝማዛውን ቁልቁለት እስከ ኮምቦልቻ እንደ ሕፃን አቅፌው ወረድኩ። ሽማግሌው ሲወርዱ መረቁኝ። እኔም አመሰገንኳቸው። ድምፅ ማጉያ ውስጥ ማግኔት እንዳለ፣ ማግኔት ደግሞ ለዲስኬት ምን እንደሆነ ለተማሪዎቼ በየጊዜው አስተምራለሁ።

ፋብሪካው ስደርስ ዘይነባ ዓይኗ ቀልቷል። ሻሿን አስተካክላ ወንበሩን ለቀቀችልኝ።

«ቀዩን እንደገና ጫኚው» አልኳት።

ጫነች። መስከረም ሠላሳ ሆነች፣ ጳጉሜ አምስት፣ መስቀል በአሥራ ሰባት። «ተመስገን» አልኩ። የእስልምናውን ስንከፍት አሮጌው ሠንጠረዥ ከእስልምና ወራት በስም የሚያውቀው ረመዳንን ብቻ ኖሯል። መሣሪያው የሚፈልገውን ሲያጣ ያገኘውን ደገመው። ሙሐረም በሚለው ቦታ ረመዳን። ሰፈር በሚለው ወር ቦታም ረመዳን። እስከ መጨረሻው ረመዳን።

ዘይነባ ቆጠረችው። «አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ነው የምንጾመው፣ እትዬ?»

«ቆይ። አረንጓዴውን መልሺው።»

አረንጓዴውን መለሰች። ሙሐረም መጣ፣ ረመዳን አንድ ሆነ። ጳጉሜ ግን ሠላሳ። ቀዩን መለስን፤ ጳጉሜ ዳነች፣ ረመዳን አሥራ ሁለት። ይህን አራት ጊዜ አደረግነው። አራተኛው ላይ ለውጥ ይመጣል ብዬ ለምን እንዳሰብኩ አላውቅም። በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እያልኩ ስለነበር ይሆናል።

በዚህ መሐል አቶ ጌታሁን ገቡ። የአስተዳደር ኃላፊው ናቸው፤ ረጅም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉት ዓይነት ሰው።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። «የዘይነባ ጎረቤት ነኝ፣ ከደሴ። ልጠይቃት መጥቼ ነው።»

ውሸት አይደለም፤ ጎረቤቷ ነኝ፤ ልጠይቃትም መጥቻለሁ። ዘይነባ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ቁልፎቹ አቀረቀረች። አቶ ጌታሁን ወደ እሷ ዞሩ።

«ሠላሳ ቀን ጳጉሜ ሲወጣ የማታይ ጸሐፊ ነገ የሰው ስም ብትስትስ? በስም ስሕተት እኮ ሰው ጡረታው ይቀራል።»

«አጠፋሁ» አለች።

«አሥር ሰዓት» ብለው ወጡ።

ልጅቱ የእኔን ጥፋት በራሷ አፍ ተቀበለች። ጎረቤት ነኝ ያልኩት ቃል ከጥርሴ መሐል እንደ እንጨት ስንጥር ገብቶ ቀረ። ጾም ላይ ነበርኩ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀምስም፤ አፌ ግን እንደዚያ ቀን መርሮኝ አያውቅም።

ከሐፍረቴ ለመሸሽ ይሆናል፣ የባሰ ነገር አደረግኩ። «ሁለቱን ያጣላቸው ነገር አለ፤ ቀዩን ሙሉ በሙሉ አጥፊው፣ ከዚያ ከአዲሱ እንጭናለን» አልኳት። ቀዩን አጠፋችው። ቀዩ ሲወጣ ሠንጠረዡን የእኔ ነው ብሎ ይዞት ወጣ። የእስልምናው አልከፈት አለ። መጻፊያውም እንዲሁ። ዘይነባ ለሥራ አስኪያጁ ጀምራው የነበረው ደብዳቤ ላይ ያለው አማርኛ ሁሉ ባዶ ካሬ ካሬ ሆነ፤ በዕረፍት ቀን የሚታይ ባዶ የፋብሪካ መስኮት ነው የሚመስለው።

«አትደንግጪ፣ ሙሉው ጥቅል በቦርሳዬ አለ» ብዬ ሦስቱን ዲስኬት አወጣሁ። አንደኛው አልተነበበም። ሁለተኛው አልተነበበም። ሦስተኛውን ሳስገባ ኮምፒውተሩ እንደሚያጉረመርም ሰው ድምፅ አሰማና እሱም ተወው። ያኔ ነው ያቀፍኩት ማጉያ ትዝ ያለኝ።

የሻይ ክፍሉ ኃላፊ እማ ፋጡማ የገቡት በዚህ ሰዓት ነው። ስድሳውን ያለፉ፣ በኮምቦልቻ የታወቁ ድግስ አዋቂ ናቸው፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሠርግ ሲኖርበት እሳቸውን ሳያማክር ድንኳን አይተክልም። ሻይ ይዘውልኝ መጡ።

«የጾም ነው፣ ወተት የለበትም» አሉኝ።

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አልቀምስም፣ እማ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«እንግዲያ እከድንልሻለሁ።» ከደኑት። ዘይነባን አዩ። «ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?»

ምን እንደምላቸው ስላላወቅኩ በሚያውቁት ነገርኳቸው። ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ደግሼ፣ ሁሉን ነገር ለየብቻ ሰጥቼ፣ አንድ ቤት ሲገናኙ ተጣሉብኝ አልኳቸው።

«ሁሉን ነገር?» አሉ።

«ሁሉን ነገር። ማንም የማንንም እንዳይነካ።»

«ጨውንም?»

«ጨው ምን?»

«የምን ድግስ ነው ልጄ። የሚለየው ሥጋው፣ ቢላዋው፣ ድስቱ ነው። ውሃው ከአንድ በርሜል ነው፤ ጨው ከአንድ ከረጢት ነው። ድንኳኑንስ ሁለት ተከልሽ? ወላሂ ሁለት ጨው የሚገዛ ደጋሽ አይቼ አላውቅም።»

ዘይነባ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እኔ ግን ተነሥቼ ነጠላዬን መልበስ ጀምሬ ነበር። ሠንጠረዡ ከቀዩም ከአረንጓዴውም መውጣት አለበት። በራሱ ዲስኬት፣ አንድ ጊዜ፣ መጀመሪያ። ሌሎቹ ሁለቱም ከዚያው ከሁለተኛው ሲዲ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ መጠቅለል አለባቸው። ሰውየው ከስሙ በታች የጻፈው ይህንኑ ነው።

ሲዲው ያለው ደሴ ነው። መናኸሪያ ስደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሚኒባሱ ሞልቷል፣ ሹፌሩ የለም።

«ጁምዓ ገብቷል» አለችኝ አጠገቤ ያለች ሴት። ማንም አላጉረመረመም፤ የሰው ጸሎት ይቸኩል አይባልም። እኔም ውዳሴ ማርያሜን አውጥቼ የዓርቡን አነበብኩ። በዓመቱ ከጸለይኳቸው ሁሉ ፈጣኑ ይህ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ። ሹፌሩ መጣ፤ ፊቱ ታጥቦ ያበራል፤ አቀበቱን እንደሌላ ቀን ሳያናድድ ይዞን ወጣ።

ሱቄ ገብቼ ሦስት ዲስኬት አዘጋጀሁ። ነጭ ወረቀት በለጠፍኩበት ላይ ሠንጠረዡንና መጻፊያውን አድርጌ «መጀመሪያ ይህ» ብዬ ጻፍኩበት። ቀዩ በዓላቱን ብቻ፣ አረንጓዴው የእስልምናውን ወራት ብቻ። ሁለቱም ሠንጠረዥ የላቸውም፤ ይጠይቃሉ እንጂ አይዙም። በአንድ እስክሪፕቶ ጻፍኩባቸው። ማስገቢያውንም አልወለወልኩም። ከዚያ በሱቄ ኮምፒውተር ላይ ሦስቱንም ጫንኩ፣ ቀዩን አጠፋሁ፣ አረንጓዴው ቆመ፤ አረንጓዴውን አጠፋሁ፣ ቀዩ ቆመ። ጠዋት ይህን ሙከራ ሳላደርግ ነበር ወደ ኮምቦልቻ የሄድኩት። በታኅሣሥም፣ በሰኔም አላደረግኩትም።

ስመለስ ዲስኬቶቹን በመሐረብ ጠቅልዬ በእጄ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ሬዲዮ ይዞ ነበር። «ልጄ፣ ከይቅርታ ጋር፣ ወዲያ ያዝልኝ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮውን አጠፋው፤ ሙዚቃው ኃጢአት ሆኖብኝ መሰለው። አላስረዳሁትም።

ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረስኩ። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነጩን ጫነች፤ በደብዳቤው ላይ ያሉት ካሬዎች አንድ በአንድ ፊደል ሆኑ። ቀዩን ጫነች። አረንጓዴውን ጫነች። ከማተሟ በፊት በዓላቱን እኔ በጣቴ ቆጠርኩ፤ የእስልምናውን እማ ፋጡማ ተጠርተው በቃላቸው ቆጠሩ። ረመዳን መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ገባ፤ «ጨረቃዋ ትመስክር እንጂ ልክ ነው» አሉ። መስቀል በአሥራ ሰባት። ጳጉሜ አምስት። ፕሪንተሩ ወረቀቱን ሲያወጣ ዘይነባ ትኩስ ዳቦ እንደሚቀበል ሰው በሁለት እጇ ተቀበለችው።

አቶ ጌታሁን አሥር ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ገቡ።

«ጎረቤቲቱ፣ እንደገና መጡ?» አሉኝ። «እንዲህ የሚጠይቅ ጎረቤት ለሁሉም ይስጥ።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«አቶ ጌታሁን፣ ጎረቤቷ ብቻ አይደለሁም። ጽሕፈት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ዲስኬቶቹንም የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ቦታ የወጣውን ነገር በሁለት ከፍዬ፣ አንዱን አሮጌ አንዱን አዲስ አድርጌ ሰጠኋት። እሷ ያደረገችው የሰጠኋትን መጫን ብቻ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?»

«አፈርኩ።»

እማ ፋጡማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ጌታሁን ወረቀቱን ተቀብለው ጣታቸውን መስቀል ላይ አደረጉ፣ ከዚያ ጥምቀት ላይ፣ ከዚያ ወደ ረመዳን ተሻገሩ፤ ጳጉሜ ላይ ሲደርሱ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ።

«ሳታይ መለጠፏ ግን የራሷ ነው» አሉ።

«የራሴ ነው» አለች ዘይነባ።

«የራሷ ነው» አልኩ እኔም። ያን መካድ አልቻልኩም።

«ዘይነባ።»

«አቤት።»

«ሰኞ ይህን በስምንት ቅጂ አውጥተሽ ለየክፍሉ ታድያለሽ። ከመለጠፉ በፊት ደግሞ ለእማ ፋጡማ ታሳያለሽ።» በሩ ላይ ሲደርሱ ዞሩ። «ሥራ አስኪያጁ ግን የሠላሳ ቀኑን ጳጉሜ ወደውት ነበር።»

ዘይነባ ሰኞ የሚለውን ቃል በከንፈሯ ደገመችው። ከዚያ ተቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ቀስ ብላ። እኔም በበኩሌ አመሰገንኩ። እማ ፋጡማ የተከደነውን ሻይ ገለጡት፤ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሰዓቱም ካለፈ ቆይቷል። ጠጣሁት። እንደዚያ ያለ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም።

በማግስቱ አማኑኤል ነበር። ቅዳሴ አስቀድሼ ወጣሁ። ማታ ከመተኛቴ በፊት አሥራ ሦስት ነጭ፣ ከእነሱም ጋር የሚሄዱ ቀይና አረንጓዴ ዲስኬቶች አዘጋጅቼ ነበር፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ይዣቸዋለሁ፤ ካፊያ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው የደብሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ጸሐፊው መሪጌታ ኮምፒውተራቸውን አብርተው ነበር።

«መሪጌታ፣ ታኅሣሥ የሰጠሁዎትን ዲስኬት ልለውጥልዎ ነው።»

«ለምን? የእኔ እኮ ደህና ይሠራል። ሠላሳ ጊዜ አይቸዋለሁ።»

«ደህና እንደሚሠራ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ጥፋት ሳይኖርበት?»

«ጥፋት አለበት። እርስዎ ጋ ገና አልደረሰም።»

መሪጌታ ተነሥተው ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡልኝ። ተቀመጥኩ፤ አሮጌውን ቀይ አጠፋሁ፣ ነጩን አስገባሁ። ሲጨርስ ዝናቡ ጠንክሮ ነበር። ነጠላዬን አናቴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። አሥራ ሁለት በር ይቀረኝ ነበር።